የቤቴል ደም ጠጪ፣ የኮልፌ ጅብ

የስልክ ግሩፕ የሚባለውን ነገር ያመጣብንን ሰው ባገኘው ልመርቀው ይሁን ልረግመው ገና አልወሰንኩም። ዱሮ ወሬ ከኮልፌ ቤቴል ለመድረስ ቢያንስ እንደ ሰው ፌርማታ ቆሞ ታክሲ ይጠብቅ ነበር። ዛሬ የአንዲት ልጅ አውራ ጣት ትንሽ ከሳተች በቃ፤ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል ነበር። ከጣት የወጣውንስ ምን ልንለው ነው?

ስሙኝማ፤ እኔ በቀላሉ የምደነግጥ ሴት አይደለሁም። ወላጆቼ ከከፋ ኮረሪማ ጭነው መጥተው ኮልፌ ቀሩ፤ እኔም እዚያው ገበያ ኮረሪማና ነጭ ሽንኩርት ስሸጥ ፀጉሬ ሸበተ። የገበያ ሰው ምን ያስደነግጠዋል? አንድ ረቡዕ ግን ደነገጥኩ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ረቡዕ የቤት ኅብረታችን የምስክርነት ቀን ነው። የቤት ኅብረት ማለት እኛ የአንድ ሰፈር አማኞች በየቤቱ እየተሰበሰብን የምንጸልይበት ነው። መምጣት ያልቻለ እንዳይቀርበት የስልክ ግሩፕ ተከፍቷል። ረቡዕ ረቡዕ ሁሉም ጌታ ያደረገለትን በድምፁ ቀርጾ ይልካል። አንዱ ከሕመሜ ተነሣሁ ይላል፣ አንዷ ሥራ አገኘሁ ትላለች፣ የቀረነው «ሃሌ ሉያ» እንላለን። ልጄ ሊዲያ ግን ግሩፑ ውስጥ ካለች ጀምሮ ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

ያን ዕለት ስልኬን ጆንያ ላይ አስደግፌ ኮረሪማ እየለቀምኩ ሳለ የልጄ ድምፅ መጣ። ደስታዬን ምን ልበላችሁ! ሊዲያዬ መሰከረች! የጎረቤት ነጋዴዎችም ይስሙ ብዬ ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍ አደረግኩት።

«መቶ ዓመት ሙሉ ደም ስጠጣ ኖሬአለሁ» አለች ልጄ።

ከፊቴ ሽንኩርት እየመረጠች የነበረች ደንበኛ የያዘችውን መልሳ አስቀመጠች።

«ማታ ማታ ቤቴል ካፌ ውስጥ ማኪያቶ አዝዤ እቀመጣለሁ። ማኪያቶውን አልነካውም፤ የምጠጣው አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው ነው። የምወደው ልጅ ኮልፌ በርና መስኮት ይበይዳል። ጨረቃ ስትሞላ ግን ጅብ ሆኖ ወደ ቆሻሻ መጣያው፣ ወደ ቆሼ ይወርዳል። ወገኖቼ እሱን እንዳልወድ ከለከሉኝ...» እያለች፣ ሳትንተባተብ፣ ዜና እንደምታነብ ሁሉ ቀጠለች። በመጨረሻም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ከዚያም ብርሃን ወጣ» ብላ አበቃች።

ያቺ ደንበኛማ ወደኋላ ወደኋላ እየረገጠች ሄደች፤ ጀርባዋን ልትሰጠኝ ፈርታ ነው።

ሱቁን ዘግቼ ቤት ስደርስ ሊዲያ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ፣ ፊቷ አመድ መስሎ ቁጭ ብላለች። «እማዬ፣ ለናታን ነበር እኮ የላክሁት!» አለችኝ። ናታን እጮኛዋ ነው። ከድጡ ወደ ማጡ! ለሚያገባሽ ልጅ ደም እጠጣለሁ ብለሽ ትልኪያለሽ? ለካ ልጄ ልቦለድ ትጽፋለች። ደም ጠጪዎችና ጅብ የሚሆኑ ሰዎች አዲስ አበባ ላይ እንደ ጎረቤት የሚኖሩበት ልቦለድ። ምዕራፍ በጨረሰች ቁጥር በድምፅዋ ታነብና ለናታን ትልክለታለች። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምራ ትጽፋለች፤ አንድ ጣራ ሥር እየኖርን እኔ እናቷ አላውቅም። ይሄ ራሱ ከደሙ በላይ አስደነገጠኝ።

አጥፊው አልኳት። ምን ይጠፋል! ግሩፑ በሃሌ ሉያ ተጥለቅልቋል። የኅብረቱ መሪ ወንድም ታደሰ «ከዚህ ሁሉ ያወጣሽ ጌታ ይባረክ» ብለው ጽፈዋል። አንዷ ደግሞ ልጅቷ ገና ሃያ አራት ዓመቷ፣ መቶ ዓመት እንዴት ጠጣች ብላ ጠይቃለች። እሳቸው ሳይዘገዩ መለሱ፤ መቶ ዓመቱ የመንፈሱ ዕድሜ ነው። ሁሉም አሜን አለ።

እናንተዬ፣ የሰው ነገር! ከሰዓት በኋላ ቤቴ ሞላ። ግማሹ ሊጸልይ፣ ግማሹ ጥርሷን ሊያይ ነው የመጣው። አንዷ ጓዳ ድረስ ተከትላኝ፣ ለካ ለዚህ ነው የማትወፍረው አለችኝ። ሌላው ናታን ቤቴል ክሊኒክ ላቦራቶሪ ውስጥ ደም እንደሚቀዳ አስታወሰና፣ ከየት ታገኘዋለች የሚለው ሲያስጨንቀኝ ነበር ብሎ እፎይ አለ። ወንድም ታደሰም ከጥቂት ወራት በፊት በቆሼ በኩል ሲያልፉ አንድ ጅብ ሰላም ሊላቸው የፈለገ በሚመስል ዓይን እንዳያቸው ተናገሩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄኔ ነው።

ሊዲያ እውነቱን ልትነግራቸው ሞከረች። «ወንድም ታደሰ፣ ፈጠራ ነው፤ ልቦለድ ነው» አለች። እሳቸው በርኅራኄ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አውቃለሁ ልጄ፤ የሚክድ መንፈስ ነው። እሑድ በጉባኤው ፊት ስትመሰክሪ ይለቅሻል።» ይኸውላችሁ፤ እውነቱን ስትናገር፣ የተናገረው መንፈሱ ሆነ።

እሑድ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት? ከእሑድ በፊት ቅዳሜ አለ። ቅዳሜ የናታን ሽማግሌዎች ሊዲያን ሊጠይቁ የሚመጡበት ቀን ነው፤ የሽማግሌዎቹ ዋና ደግሞ እኚሁ ወንድም ታደሰ ናቸው። የናታን እናት እትዬ ዘነበች በበኩላቸው፣ «የምወደው ልጅ ጅብ ይሆናል» የሚለውን እንደሰሙ ልጃቸውን ጠርተው በመስኮት ብርሃን ጥርሱን አዩት አሉ። ናታን ልቦለድ ነው ብሎ ቢምል ቢገዘት፣ የወደደ ሰው ምን የማይለው አለ ብለው አለፉት። ልጄ ናታንን ትወደዋለች። እሱም እሷን የሚወዳት ምዕራፍ እየጠበቀ ነው። ይህ ትዳር ቢፈርስ ልጄ ምን ትሆናለች? ይሄ ነበር ጭንቀቴ።

እንግዲህ መጨነቄ ካልቀረ ነገሩን ልወቀው ብዬ ሐሙስ ዕለት፣ አንብቢልኝ አልኳት። አነበበችልኝ። ደም ጠጪዎቹ ቤቴል፣ ጅቦቹ ኮልፌ፤ ድንበሩ አየር ጤና። በውጭ አገሩ ታሪክ ሰው ተለውጦ የሚሆነው ተኩላ ነው፤ ኮልፌ ግን ተኩላ ከየት ይመጣል? ጅብ አደረገችው። እኔ ተቆጣሁ። ሰው ጅብ ይሆናል የሚባለው የድሮ ሐሜት ስንቱን ባለ እጅ እንዳስለቀሰ አውቃለሁና። «ለዚህ እኮ ነው እማዬ፣ ጅቡን ከሁሉ የሚሻል ሰው ያደረግሁት» አለችኝ። ልጄ ለካ አስባበታለች።

አንድ ቦታ ላይ ግን አረምኳት። ደም ጠጪ ነጭ ሽንኩርት ይፈራል ትላለች። አንቺ ልጅ፣ እናትሽ ምን እንደምትሸጥ ረሳሽው? የኮልፌ ሰው ነጭ ሽንኩርት ሳይበላ ውሎ ያውቃል? ደሙ ራሱ ድልህ ነው! ደግሞ ደም ጠጪ ግባ ካልተባለ ቤት አይገባም ብላ ጽፋለች። እኛ ሰፈር በራፍ ላይ ላለፈ ሁሉ «እንብላ» እየተባለ ምን ዓይነት መከልከል ነው? ቅዳሜ ቅዳሜ ቁርጥ ቤት ተቀምጠን ጥሬ ሥጋ ስንቆርጥ ቢያየንማ የሚደነግጠው ራሱ ደም ጠጪው ነው። ሊዲያ እየሳቀች ሁሉንም ጻፈችው። እኔም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ዕለት እራት መሥራት ረሳሁ።

ወደ ቅዳሜው ከማለፌ በፊት አንድ የእኛን ልማድ ላስረዳችሁ። በእኛ ዘንድ እምቢ የሚል ሰው የለም። እምቢ ማለት ያስከፋል፤ ስለዚህ «እንጸልይበት» እንላለን። ገበያ ውስጥ አንዲት እኅትን፣ መደብሽን ትንሽ ጠጋ አድርጊልኝ ብዬ ጠይቄያት «እንጸልይበት» አለችኝ። ልጇ ሕፃን ነበር ያኔ፤ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፤ እሷ ገና እየጸለየች ነው።

ቅዳሜ ደረሰ። ለስላሳ ሲገዛ ቀይ እንዳይሆን ብዬ አስጠንቅቄአለሁ። በደንቡ የልጁ እናት ከሽማግሌ ጋር አይመጡም፤ እትዬ ዘነበች ግን መጡ። ባለቤቴ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ጥግ ላይ ድርቅ ብሎ ተቀምጧል። ወንድም ታደሰ ጸለዩና፣ የልጃችሁን ያለፈ ሕይወት ሰምተናል፣ ጌታ ይቅር ያለውን እኛ ማን ነን የምንከስ አሉ። እትዬ ዘነበችም ሊዲያን አጠገባቸው አስቀምጠው እጇን ያዙ።

«አይዞሽ የኔ ልጅ። ደም ነው የጠጣሽው። ትተሽዋል፤ አለቀ፣ ተረሳ» አሏት።

እናንተዬ፣ እንዲህ ያለች አማት ከየት ትገኛለች? እንባዬ መጣ። በልቤ፣ ዝም በይ ልጄ፣ ዝም አይነቅዝም፣ እላለሁ። ውሸቱ ጣፈጠኝ፤ ምን ልዋሻችሁ።

ሊዲያ ግን ቀና አለች። «እትዬ ዘነበች፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ ደም ጠጥቼ አላውቅም። እርስዎን ዋሽቼ ቤትዎ መግባት አልፈልግም። የሰማችሁት ልቦለድ ነው፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ወንድም ታደሰ መንፈሱን ሊገሥጹ እጃቸውን አነሡ። ሊዲያ ቀደመቻቸው። «ካላመኑኝ የሚቀጥለውን ልንገርዎት» አለችና ጀመረች። ደም ጠጪው ሽማግሌ አየር ጤና ላይ ሚኒባስ ይሳፈራል። ደም ጠጪ ደግሞ በመስታወት አይታይም። ሾፌሩ በመስታወቱ ወደ ኋላ ሲያይ አንድ ወንበር ባዶ ነው። ረዳቱ ሞልቷል ይላል፣ ሾፌሩ አልሞላም ይላል። «አንድ ሰው የቀረው! አንድ ሰው!» እየተባለ ፀሐይ ልትወጣ ደረሰች፤ ሰውዬው ፀሐይ ካገኘችው አመድ ነው። ይሄኔ ጅብ የሚሆነው ልጅ ሲሮጥ መጣ። ሾፌሩ በመስታወቱ ያሳየውን አምኖ፣ ሄዶ ባዶው ወንበር ላይ፣ ሰውዬው ጭን ላይ ዘፍ አለ።

ሊዲያ እዚህ ላይ አቆመች።

«ከዚያስ?» አሉ ወንድም ታደሰ። እጃቸው እንደተነሣ አየር ላይ ቀርቷል።

«ከዚያማ ካመኑኝ በኋላ ነው» አለች ልጄ።

አመኑ። ማመናቸውን ያወቅሁት እትዬ ዘነበች የሊዲያን እጅ ሲለቁት ነው። ደም የጠጣችበትን እጅ ጨብጠው ይዘው፣ የጻፈችበትን ለቀቁት! ድንጋጤዬ እንደ አዲስ ተነሣ።

«ከራስሽ አውጥተሽ?» አሉ።

«አዎ።»

«ማንም ሳያስገድድሽ?»

«አዎ፣ ማንም።»

«እሺ፤ አሁንስ ትተሽዋል?»

«አልተውኩትም እትዬ። አልተውምም።»

እትዬ ዘነበች ወደ ወንድም ታደሰ ዞሩ። ደም የጠጣችውስ ትታው ነበር፤ ይቺ ግን አልተውም ነው የምትለው፣ ነገ እኔንም ከነነጠላዬ ትጽፈኛለች አሉ። ወንድም ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ባለቤቴን አዩ፣ ምንጣፉን አዩ፣ በመጨረሻም፣ «እንግዲህ... እንጸልይበታለን» አሉ።

ለስላሳው እንደተከፈተ ቀረ።

የእሑዱም ምስክርነት ቀረ። ሊዲያ አላለቀሰችም፤ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። ባለቤቴ ብቻ፣ ያ ሁሉ ዝም ያለ ሰውዬ፣ ልጄ በሽማግሌ ፊት አልዋሸችም ብሎ ደረቱን ነፋ። ሊዲያም ተናደደችና ለማንም ምዕራፍ መላክ አቆመች፤ ለናታንም ጭምር። ከተከበርኩ ከነጽሑፌ ነው አለች። ናታን በየቀኑ ሱቄ እየመጣ የማያስፈልገውን ነጭ ሽንኩርት ይገዛል። እናቱን እየለመነ እንደሆነ ይነግረኛል። ቀስ ብሎ ደግሞ፣ እማማ፣ እናቴ የነገረችኝ ሚኒባስ ምን ሆነ ይለኛል። እኔ ምን አባቴ አውቃለሁ እለዋለሁ። አውቃለሁ እንጂ! ማታ ማታ እያነበበችልኝ።

ትናንት ስልኬ ጮኸ። እትዬ ዘነበች ናቸው። ጤና ጠየቁ፣ ባለቤቴን ጠየቁ፣ ገበያውን ጠየቁ፣ ዝናቡን ጠየቁ። የሚጠየቅ ሲያልቅባቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እንደው... ያ ልጅ ሰውዬው ጭን ላይ ከተቀመጠ በኋላ ምን ሆነ?»

እኔ እትዬ፣ እሱን የምታውቀው ሊዲያ ናት አልኳቸው።

«አውቃለሁ፤ እኔ መቼ እንቅልፍ አለኝ! ወንድም ታደሰም ባገኙኝ ቁጥር ሰሙ ወይ ይሉኛል። ቅዳሜ ሽማግሌዎቹን ይዤ ተመልሼ ብመጣ፣ ያለፈውን ትታችሁ ትቀበሉን ይሆን?»

እኔ የገበያ ሴት ነኝ፤ ደንበኛ ራሱ ሲመለስ አውቃለሁ። ልጄን ቀና ብዬ አየኋት፤ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላ እየጻፈች ነው። ጉሮሮዬን ጠረግሁና፣

«እንጸልይበታለን፣ እትዬ» አልኳቸው።