የኔትወርኩ ዋንዛና ብርድ ልብሱ

የአንድ አገር ሕዝብ ስንት እንደሆነ ማወቅ የፈለገ ሰው ቆጣሪ አይላክ! ወረቀትና እስክሪብቶ አያባክን። ከፍ ካለ ቦታ ይውጣና በስልክ ሚስቱን ይለማመጥ። ያኔ ነዋሪው ማንም ሳይጠራው፣ ከነቤተሰቡ ወጥቶ ይቆጠርለታል። «ይህን ከየት አመጣኸው?» ትሉኝ ይሆናል። ከራሴ ላይ ነው እንጂ ከየት ላመጣው!

የተወለድኩት ላጋ ሆሚ ነው። ካርታ ላይ አትፈልጉት፤ ካርታ ሠሪው እዚያ ሲደርስ አስነጥሶት ነው መሰለኝ፣ አልፎታል። ከነቀምቴ ወደ ቢላ በሚኒባስ ትሄዳላችሁ፤ ከቢላ በኋላ በእግር ነው። መንገዱ ሲያልቅ እንዳትቆሙ፤ ላጋ ሆሚ የሚጀምረው መንገዱ ካለቀ በኋላ ነው። ሸለቆው ምን ይመስላል ካላችሁ፣ ከምንጭ ውኃ እንደሚጠጣ ሰው ሁለት መዳፋችሁን ግጠሙ። አንደኛው መዳፍ የጠዋት ፀሐይ የሚመታው ወገን ነው፤ ሌላኛው የማታ ፀሐይ የሚመታው። መሃሉ ላይ ወንዙ አለ። እኛ የጠዋቶቹ ነን። ከማታዎቹ ጋር በዓይን ስትተያዩ «እስቲ ጨው አቀብሉን» የሚያሰኝ ቅርበት ነው። በእግር ልሂድ ካላችሁ ግን ቁልቁለቱ ጉልበት ይበላል፣ ዳገቱ ሳንባ ይበላል። እንደ እኔ ያለው ሰውማ… ቦርጩ ቀድሞት ወርዶ ወንዙ ዳር ይጠብቀዋል።

የሕዝቡን ብዛት ታላቅ ወንድሜን ኦቦ ዱጉማን ጠይቄው ነበር።

«ሰው ይቆጠራል እንዴ?» ብሎ ተቆጣኝ። «ከብት እንኳ አይቆጠርም። ሲጎድል ይታወቃል፣ በቃ!»

እንዲህ ባለ አገር ማን ይወርዳል፣ ማን ይወጣል? ላጋ ሆሚዎች ነገር ሲኖራቸው አፋፍ ላይ ቆመው ይጣራሉ። «ያ ቶሌራ…! በሬህ ገብስ ውስጥ ገብቷል…!» ሲባል ከማዶ «ሰማሁ…!» ይመጣል። ሸለቆው ከበሮ ነው፤ አፋፍ ላይ የተነፈሱት ነገር የሁለቱንም ወገን በር ያንኳኳል። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የሚለው ነገር ለእናንተ ተረት ነው። ለእኛ መልክዓ ምድር ነው።

ታዲያ የስልክ ኔትወርክ መጣ ሲባል የት ቢመጣ ጥሩ ነው? እዚያው አፋፍ ላይ! ያውም ከአንዲት ዋንዛ ሥር ብቻ። ከዋንዛዋ ቅርንጫፍ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ያረጀ ብርድ ልብስ ተሰቅሎ ታያላችሁ። ይቺን ብርድ ልብስ አደራ ያዙልኝ፤ እኔ ሳልይዛት ነው ጉድ የሆንኩት።

ባለፈው ሰሞን ኦቦ ዱጉማ ነቀምቴ ድረስ አስጠራኝ። ልጁ ለሊሳ ከማዶ፣ ከማታው ወገን፣ የኦቦ ቶሌራን ልጅ ጫልቱን ወዶ ከስቷል። ጫልቱም እንደወደደችው አገር ያውቃል። አባቷ ግን የሄዱትን ሽማግሌዎች ሁሉ ሻይ እያጠጣ ሸኝቷቸዋል።

«አንተ ትልቅ ሰው ነህ» አለኝ ዱጉማ። «አንተንም እምቢ ካለ ሌላ የምልከው የለኝም። ልጁ አለቀብኝ።»

ትልቅ ሰው! እዚህ ላይ ለእናንተ ለአንባቢዎቼ ብቻ አንድ ነገር ልንሾካሾክ። ላጋ ሆሚ በሄድኩ ቁጥር «ነቀምቴ ኃላፊ ነኝ፤ ከሥሬ ያሉት ስፍር ቁጥር የላቸውም» እላለሁ። አልዋሸሁም። ከሥሬ ያሉት ወንበሮች ናቸው። የመሥሪያ ቤታችን ዕቃ ቤት ጠባቂ ነኝ።

እንግዲህ የሽምግልናው ዋዜማ አመሻሽ ላይ ለባለቤቴ ልደውል ወደ ዋንዛዋ ወጣሁ። ባለቤቴ ትርፌ ነቀምቴ ከከተሙ የጉራጌ ነጋዴዎች ቤት የተወለደች ናት፤ ገበያው ዳር ሱቅ አላት። ሱቁንም እኔንም በአንድ እጅ ታስተዳድራለች። ኦሮምኛዋ ከእኔ ይጣፍጣል፤ ቤታችን ውስጥ ግን የምንነጋገረው በአማርኛ ነው።

ልወጣ ስል ለሊሳ ተከተለኝ።

«አቤራ» አለኝ፤ አጎቴ ማለቱ ነው። «ስታወራ ብርድ ልብሱን ተከናነብ እሺ?»

ሳቅሁበት። «እኔ የነቀምቴ ሰው ነኝ፤ ይሄ ነፋስ ምንም አይለኝም!»

ልጁ ሊያስረዳኝ አፉን ከፈተ፤ ትልቅ ሰው ግን መች ያዳምጣል? ጥዬው ወጣሁ። ነፋሱ ስለሚሻማኝ ስልኩን ላውድ ላይ አደረግኩት። ሰው ቢኖርስ በአማርኛ ማን ይሰማኛል አልኩ!

«ሃሎ ትርፌዬ! ሃሎ!»

«አንተ ሰው፣ ካልሲህ ታጠበ?»

«ታጥቧል እመቤቴ!»

«ማን አጠበው? ሰው አዝዘህ እንዳይሆን!»

«እኔው ራሴ ነኝ! ወንዝ ወርጄ!»

«ጎሽ። ነገ እንዴት ልታደርጉ ነው?»

«ቶሌራ እንደ ባህሉ ሁለቴ እምቢ ይላል። በሦስተኛው እኔ እቆጣለሁ፤ እነሣለሁ።»

«ብለህ ልትሄድ?»

«የት እሄዳለሁ! ዱላዬን የምፈልግ መስዬ ጥግ ለጥግ እዞራለሁ፤ ‹ተቀመጥ› እስኪሉኝ። ከዚያ በሬውን አሞግስለታለሁ። በሬው እንኳ… ጎኑን ብታይው መሰላል ነው፤ ወጥተሽ ጣሪያ ትጠግኚበታለሽ!»

«ዛሬም ኃላፊ ነኝ ብለሃል?»

«ምን ላድርግ ትርፌዬ? ለወንበር ጠባቂ ዘመድ ማን ልጁን ይሰጣል?»

«እግዜር ይይልህ! ነገ ማታ ቤት ግባ።»

«አንድ ቀን ብቻ ብትጨምሪልኝ…»

«አልጨምርም! ልጆቹን ማን ትምህርት ቤት ያደርሳል?»

«እሺ።»

«አንጮቴ ይዘህ ና። እንዳለፈው ሥሩ እንጨት የሆነውን እንዳታመጣብኝ፤ ሲቀቀል የሚበስለውን፣ ለጋውን!»

«እሺ፣ እሺ።»

«በል ያችን ነገር በለኝና ልዝጋ።»

«የቷን?»

«ያችን!»

ግራ ቀኜን ቃኘሁ። ከወፍ በቀር ማንም የለም። «እወድሻለሁ» አልኩ።

«ምን አልክ? ደንበኛ እየተንጫጫብኝ ነው!»

«እወድሻለሁ!!!»

ሸለቆው ተቀበለኝ። «…ሻለሁ! …ሻለሁ! …ለሁ!» ማስተዋል ያለው ሰው ቢሆን የገደል ማሚቶውን ሲሰማ ይደነግጣል። እኔ ግን ድምፄ ለካ ያምራል ብዬ እያፏጨሁ ወረድኩ።

በማግስቱ ካባ ቢጤ ደርቤ፣ ከዘራዬን ይዤ፣ ከዱጉማና ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ወንዙን ተሻገርን። ለሊሳም «እኔ ከብት ልፈልግ ነው» እያለ በሩቅ ተከተለን። መንገድ ላይ ያገኘኋቸው ሰዎች ፍቅር ልዩ ነበር። አንዲት አሮጊት ከአጥራቸው ላይ ብቅ አሉና፣ በጠራ አማርኛ፣ «ኃላፊ! ካልሲው ደረቀልህ?» አሉኝ። «ደርቋል እማማ!» አልኩ ደስ ብሎኝ። ትንሽ እልፍ ስንል አንዱ ጎልማሳ ባርኔጣውን አውልቆ «አካም ቡልታኒ! ወንበሮቹ ሁሉ ደህና ናቸው?» አለኝ። እኔ ምን አልኩ? ነቀምቴ ላይ ዝናዬ እንዴት ቢናኝ ነው አልኩ! ዱጉማ ግን ፊቱ ዐመድ እየመሰለ ነበር።

የኦቦ ቶሌራ ግቢ ስንደርስ አግዳሚው ተዘርግቷል፤ ሻይ በቴርሞስ ቀርቧል። አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ጸለዩ። ከዚያ ዱጉማ ተነሥቶ ጠየቀ። ኦቦ ቶሌራ «አልሰጥም» አሉ። እንደገና ተጠየቁ፤ «አልሰጥም» አሉ። ጉሮሮዬን ጠርጌ ልነሣ ስል እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

«ኦቦ ገመቹ፣ አሁን የምትቆጣው አንተ ነህ አይደል? ዱላህ ያቺውልህ፣ ከበሩ ሥር አስደግፌልሃለሁ። ጥግ ለጥግ ስትዞር እንዳትደክም።»

ዞር ብዬ አየሁ፤ እውነትም ከዘራዬ ከበሩ ሥር ቆማለች።

«ከዚያ ደግሞ የበሬው ሙገሳ ይቀርሃል» አሉ፤ አሁን በአማርኛ ነው። «አስመጣልህ ወይስ ጣሪያው ላይ ወጥተህ ታየዋለህ? መሰላል እንደሁ አለን!»

ግቢው ፈነዳ! ሽማግሌዎቹ ሳቁ፣ ከጓዳ ሴቶቹ ሳቁ፣ ከአጥር ውጪ ሰው መኖሩን ያወቅሁት አጥሩ ሲስቅ ነው። የጸለዩት ሽማግሌ እንኳ መጽሐፋቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ለካስ ላጋ ሆሚ ሬዲዮ ሲሰማ፣ ልጅ ሲያስተምር፣ ቢላ ገበያ ከነጋዴ ጋር ሲከራከር የኖረው በአማርኛም ጭምር ነው!

ዱጉማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ብርድ ልብሱን… ምነው ብትከናነበው? ሰው የሚደውለው በሱ ውስጥ ገብቶ ነው እኮ!»

ከአጥሩ ክፍተት ለሊሳን አየሁት። እሱ ብቻ አልሳቀም። ፊቱ ላይ ደም የለም። እውነቴን ነው፣ ያኔ ወንዙ መጥቶ ቢወስደኝ «ተባረክ» ብዬው እሄድ ነበር። ባዶ ኩራቴን ተሸክሜ መጥቼ የልጁን ዕድል አፋፍ ላይ በተንኩበት።

ኦቦ ቶሌራ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እስከ ትናንት ድረስ እምቢታዬ የባህል አልነበረም፤ የእውነት ነበር። ታላቋን ልጄን አንበሳ የሚባል ቤት ነው የሰጠኋት። ወንዶቹ ሲገቡ ቤቱ ጸጥ የሚልበት፣ የተከበረ ቤት። ቀጥቅጠው መለሱልኝ። ሁለተኛ ለአንበሳ አልሰጥም ብዬ ማልኩ።»

ሻያቸውን ፉት አሉና ቀጠሉ።

«ትናንት አመሻሽ ላይ ጥጃ ሳስር ይህ ሰውዬ አፋፉ ላይ ወጣ። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ በሬዬን ነካብኝ። ኋላ ግን ሚስቴን ጠራኋት። ጫልቱንም ጠራኋት። አብረን ሰማን። ሚስቴ ምን አለች? ‹ትልቅ ሰው የሚሉት ወንዝ ወርዶ ካልሲውን የሚያጥብ ከሆነ፣ ለሚስቱ እሺ የሚል ከሆነ፣ እዚያ ቤት ልጄን ማን ይነካታል?› አለች።» ወደ አጥሩ ዞሩ። «ያ ለሊሳ! አንተስ የአጎትህ ደም አለህ?»

«ኤዬ!» አለ ለሊሳ አጥሩን ሊጥሰው እየደረሰ። «ሙሉ በሙሉ የአቤራ ደም ነኝ! እኔም ካልሲ አጥባለሁ!»

ልጁ ባዶ እግሩን ነው ቦት ጫማ የሚያደርገው። ካልሲ ኖሮት አያውቅም።

«ሰጥቻለሁ» አሉ ኦቦ ቶሌራ። ከጓዳ እልልታው ሲነሣ ጫልቱ ከበሩ ጀርባ አንዴ ብቅ ብላ እኔን አየችና በሻሿ አፏን ሸፍና ተመለሰች። ሙሽራ ሊያፍር ሲገባው ያፈርኩት እኔ ነኝ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይባል የለ? ለእኔ ግን ድግሱን ከነቀልዱ ነው የደገሰልኝ።

ወደ ነቀምቴ ከመነሣቴ በፊት የምሥራቹን ለትርፌ ልነግር ወደ ዋንዛዋ ወጣሁ። ብርድ ልብሷ እንደተሰቀለች ናት። አየኋትና፣ «አሁንማ ምን የምደብቀው ቀረኝ?» አልኩ። ሰው ከስህተቱ ይማራል የሚሉት ቦርጭ የሌላቸው ናቸው።

«ትርፌዬ! ሰጡን!»

«እልልል! እንዴት አድርገህ አሳመንካቸው?»

እስቲ ፍረዱኝ፣ ምን ልበላት? ደረቴን ነፋሁ። «በንግግር ችሎታዬ ነዋ! ሰውዬው አፌን እያየ እንባው መጣ…»

«ሶባ!» አለ ከማታው ወገን አንድ ድምፅ። ውሸት ማለቱ ነው።

«ሶባ!» አለ የጠዋቱ ወገን።

ከወንዙ ዳር ልብስ አጣቢዎቹ፣ ከማሳው አራሚዎቹ፣ ከየጣሪያው ሥር ሁሉ፣ «ሶባ…! ሶባ…!» እያለ ሸለቆው ተነሣብኝ።

«ማነው እሱ?» አለች ትርፌ።

«ሕዝቡ ነው።»

«ስንት ናቸው?»

«እንጃ… አንድም የቀረ አይመስለኝም።»

ባለቤቴ ሳቋን ስትጨርስ፣ «በል አንጮቴውን እንዳትረሳ!» አለችኝ። ልመልስላት አፌን ስከፍት፣ የላጋ ሆሚ ሕዝብ ከሁለቱም ወገን፣ በአንድ አፍ፣ በአማርኛ መለሰልኝ።

«እሺ በላት…!»

«እሺ» አልኩ።