ጋሼ ጆሮ እና የአባቴ ፒካፕ

በየሰፈሩ፣ የራሱ መኪና ሳይኖረው የሰው መኪና እንቅልፍ የሚነሳው አንድ ሰው አለ። የሌለበት ሰፈር ካለ ገና ነዋሪ አልገባበትም ማለት ነው።

የእኛው ክቡር ጋሼ ጆሮ ይባላሉ። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው፤ ጡረታ የወጣው ግን እጃቸው ብቻ ነው። ጠዋት ሞተር ሲነሳ ከሰሙ በነጠላ ጫማ ብቅ ብለው፣ እንደ ትራፊክ ፖሊስ እጃቸውን ዘርግተው ያስቆማሉ።

"የኋላ ግራ ጎማህ አየር ጎድሎታል። ነዳጅህን የሚጠጣው እሱ ነው!"

አንዴ ቀብር ላይ አስከሬን የጫነው መኪና ኮፈን ላይ ተደፍተው ሲቆዩ፣ ሐዘኑ የጸናባቸው መስሏቸው ሁለት ሴቶች ደግፈው አነሷቸው። እሳቸው ለሹፌሩ በሹክሹክታ፣ "የአየር ማጣሪያው ታፍኗል፤ ቀይረው" ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

የኔ ነገር ደግሞ ይለያል። አባቴ ዕቃ እያመላለሰበት ያሳደገን አሮጌ ፒካፕ አለኝ፤ ነዳጅ እንደ ውሃ ይጠጣል። ጋሼ ጆሮ በየቀኑ የሚወቅሱት እግሬን ነበር። "ፔዳሉን እንደ እባብ አናት አትጨፍልቀው!"

በመጨረሻ ባለቤቴ፣ "የልጆቹን ጉሮሮ ዘግተን የሱን እንከፍታለን?" አለች። እውነቷን ነው። ገዢ ተገኘ፤ ቅዳሜ ሊወስደው ተቃጠርን። አባቴን ሁለተኛ የምቀብር መሰለኝ።

ዓርብ ዕለት ጋሼ ጆሮ ፒካፑን ልሰናበተው ብለው ጎኔ ተቀመጡ። ግማሽ ሰዓት ስንነዳ ዓይናቸውን ከሙቀት መለኪያው ላይ አልነቀሉም። መርፌው ከታች ንቅንቅ አላለም።

"ይሄ ሞተር እኮ ሙቀት አያውቅም። ብርድ ላይ ያለ ሞተር ደግሞ ሆዳም ነው። ወደ ቤት መልሰው!"

ከሞተሩ የውሃ መውጫ ላይ ሁለት ብሎን ፈትተው ውስጡን አዩ። ባዶ ነው። ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን አግዶ የሚያቆየው ቴርሞስታት የለም።

"የየትኛው ደደብ ሥራ ነው?" አልኩ።

መፍቻውን አስቀመጡ። "የኔ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"አባትህ ዳገት ላይ ይፈላብኛል አለኝ። ራዲያተሩን ማጠብ ሲገባኝ ቴርሞስታቱን አውጥቼ ጣልኩት። ያኔ ሁላችንም እንደዛ ነበር የምናደርገው። ረስቼው እግርህን ስከስ ኖርኩ። ተሳስቻለሁ፣ ልጄ። አባትህንም በድያለሁ።"

ዝም ቢሉ ማን ያውቅ ነበር? በማግስቱ መኪናው ይሄዳል፤ ጥፋታቸውም አብሮት ይሄዳል። ሁሉን አውቃለሁ የሚል ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ ማንም ሳይጠይቀው ተሳስቻለሁ ያለ ግን እሳቸውን ብቻ ነው ያየሁት። በዚያች ሰዓት ወደድኳቸው።

የዚያኑ ዕለት ራዲያተሩን አጥበው አዲስ ቴርሞስታት ገጠሙ። መርፌው ቀስ እያለ ወጥቶ መሃል ላይ ቆመ። ባለቤቴ እጇን አጣምራ ስታይ ቆይታ፣ "ጋሼ፣ ዋስ ይሆናሉ?" አለቻቸው።

"አንድ ወር ስጪኝ። ካልተሻለው እኔው ራሴ ገዢ አመጣለሁ።"

ቅዳሜ የመጣውን ገዢ ይቅርታ ጠይቄ መለስኩት። ጋሼ ጆሮም ዋስ ነኝ ብለው በየጠዋቱ መርፌውን ሊጠብቁ አብረውኝ ይወጡ ጀመር። ፒካፑ በሁለት ቀን ይጨርሰው የነበረውን ነዳጅ ለሦስት ቀን ማብቃቃት ጀመረ።

ወሩ ካለቀ ቆየ። እሳቸው ግን ዛሬም ጠዋት ጠዋት መጥተው ጎኔ ይቀመጣሉ። የሚሄዱበት የላቸውም፤ እኔም የት ላድርስዎ ብዬ ጠይቄያቸው አላውቅም።