«ያውልህ!» ባዩ መኳንንት

በየአገሩ አንድ «አየሁ» ባይ አይጠፋም። እናንተ የጫማችሁን ክር ስታስሩ እሱ ነብር አይቷል፤ እናንተ ስታስነጥሱ ጅብ በፊቱ አልፏል። ዞር ስትሉ ምንም የለም። የመሐል ሜዳው ክቡር አቶ መኳንንት የዚህ ወገን አለቃ ናቸው። ማዕረጉ ለዛሬ ይቅርና መኳንንት እንበለው።

ወዳጁ ይሥሐቅ ልብስ ሰፊ ነው። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሁለቱ በብስክሌት ወደ ጓሳ ሣር ሜዳ ይወጣሉ፤ መኳንንት ከፊት፣ ይሥሐቅ እያለከለከ ከኋላ። የይሥሐቅ ምኞት አንድ ነው፤ ቀይ ቀበሮ በዓይኑ ማየት። የመንዝ ልጅ ሆኖ አላየሁም ማለት ያሳፍረዋል።

ታዲያ እንዴት አድርጎ ይይ! መኳንንት አውሬ ባየ ቁጥር መሪውን ለቆ፣ ሁለት እጁን ሰቅሎ፣ «ያውልህ! ያውልህ! አየኸው?» እያለ ይጮኻል። ጭላዳ ዝንጀሮው ገደሉን ይወርዳል፤ ቀበሮው ይሰወራል። ይሥሐቅ ሲደርስ የሚያገኘው ሣሩንና መኳንንትን ነው።

«አሁን ነበር እኮ! አንተ ደግሞ ትዘገያለህ» ይለዋል። አንዴማ ቀበሮው ቆሞ ሰላምታ እንደሰጠው ተናገረና ከተማው ሲስቅበት ከረመ።

የጓሳ ሣር ለዓመታት ተከልክሎ ቆይቶ፣ በጥር አገሩ ማጭዱን ስሎ ስለ አጨዳው ሊመክር ተሰበሰበ። የስንቱ ቤት ክዳን ያፈሳል፤ መዘግየት የፈለገ አልነበረም። ይህኔ መኳንንት ብድግ አለ።

«ጓሳ ላይ ካለው ጉብታ ሥር ቀይ ቀበሮ ወልዳለች። ቡችሎቿ ዓይናቸውን መግለጣቸው ነው። ማጭድና ውሻ ይዘን ከገባንባቸው አለቁ» አለ።

ሳቅ ሆነ። ክዳኗ የሚያፈስባት እትዬ ጥሩሸዋ፣ «ቡችሎቹስ ሰላምታ ሰጡህ?» አለችው።

ስብሰባውን የሚመሩት አባ ኪዳነ ግን አልሳቁም። «ነገር በሁለት በሦስት ምስክር ይጸናል። ሌላ ያየ አለ?» አሉ። ሰዉ ሁሉ ወደ ይሥሐቅ ዞረ።

ይሥሐቅን ላብ አጠመቀው። አየሁ ቢል ቡችሎቹ ይተርፋሉ፤ ግን አባ ኪዳነ የንስሐ አባቱ ናቸው፣ ፊታቸው ቆሞ እንዴት ይዋሽ? አላየሁም ቢል ደግሞ ወዳጁን ጉድ መሥራቱ ነው።

«አላየሁም፣ አባ» አለ። መኳንንት አንገቱን ደፋ።

«አላየሁም። ግን ባለፈው እሁድ መኳንንት ከጉብታው ሲመለስ ከብስክሌቱ ወርዶ፣ በእጁ እየገፋ፣ በጣቱ ዝም በል እያለኝ መጣ። ምን አይተህ ነው ብለው አልመለሰልኝም። ከተማ ገባን፣ ዝም። እስከ ዛሬም ለማንም አልተናገረም።»

አባ ኪዳነ ወደፊት ጎንበስ አሉ። «ማን? መኳንንት ዝም አለ?»

«ዝም አለ፣ አባ። እኔማ ታመመ ብዬ ነበር።»

ጉባኤው እርስ በርሱ ተያየ። «ኧረ በሞቴ! እንግዲያስ እውነቱን ነው» አለች ጥሩሸዋ። አባ ኪዳነም የጉብታው ዙሪያ ዘንድሮ ማጭድ እንዳይነካው ገዘቱ፤ የጥሩሸዋም የሣር ድርሻ ከወዲያኛው ሜዳ ሆነ።

ሲወጡ መኳንንት ዓይኑ እንባ አቅርሯል። የይሥሐቅን ክንድ ያዝ አድርጎ፣ «ነገ ልውሰድህ? ቀስ ብለን በእግራችን እንሄዳለን። ታያቸዋለህ» አለው።

ይሥሐቅ ይችን ቃል ስንት ዘመን ጠብቋታል! ልቡ ዘለለች። ወዳጁን ቀና ብሎ አየው፤ እንደዚያን ቀን ወዶት አያውቅም።

«ተው መኩ» አለው፤ «መጀመሪያ ይደጉ።»