ጥርስ የሌለው ሁሉ ጤነኛ ነው የተባለበት ስብሰባ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ማርች 4 ቀን 2014 እ.ኤ.አ.

ቦታ፦ ምሥራቅ ኬንታኪ፣ የሃክል ፎርክ ማኅበረሰብ ጤና ጣቢያ፣ የሕሙማን መጠበቂያ ክፍል (የስብሰባ ክፍሉ ጣሪያ ስለሚያፈስ)

የተገኙ የቦርድ አባላት፦
አቶ ኦርቪል ስታምፐር፣ ጡረታ የወጡ የከሰል ማዕድን አለቃ፣ ሊቀመንበር
ዶ/ር ሎሬና ኮምብስ፣ የጥርስ ሐኪም
ፓስተር ድዋይት ኔፒየር
ወ/ሮ ቬልማ ፉጌት፣ የታካሚዎች ተወካይ
ሆባርት ካውዲል፣ ጸሐፊ (የተሾመው እስክሪብቶ ይዞ በመገኘቱ ነው)

ምልዓተ ጉባኤው በመሟላቱ ስብሰባው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተከፈተ።

አጀንዳ 1፦ የታካሚዎች የጥርስ ሁኔታ

ዶ/ር ኮምብስ በክረምቱ ጤና ጣቢያውን የጎበኙ ታካሚዎችን አፍ መርምረው ያገኙትን አቀረቡ። ከየአሥሩ ሰባቱ ያልታከመ የበሰበሰ ጥርስ አላቸው፤ የግማሾቹ ድድ ይደማል፤ አርባ ዓመት ሳይሞላቸው የፊት ጥርሳቸውን የጨረሱም ብዙ ናቸው።

ሊቀመንበሩ ቁጥሩ የከተማዋን ስም እንደሚያጠፋ ገለጹ። «ይሄ ጋዜጣ ላይ ቢወጣ መሳቂያ ነው የምንሆነው» አሉ። ዶ/ር ኮምብስ «ለመሳቅም እኮ ጥርስ ያስፈልጋል» ማለታቸው ከአጀንዳ ውጭ ነው ተብሎ ታለፈ።

ሊቀመንበሩ ቀጥለው አንድም ጥርስ የሌላቸው ታካሚዎች ከየትኛው ወገን እንደተቆጠሩ ጠየቁ። ሐኪሟ ከተጎዱት ወገን መሆኑን መለሱ። ሊቀመንበሩ «የሌለ ጥርስ እንዴት አድርጎ ይበሰብሳል? እነዚህ ሰዎች እኮ ድነዋል!» ሲሉ ተቃወሙ። ፓስተሩ «ድነዋል» የሚለው ቃል ለነፍስ ጉዳይ እንዲቆይ ማሻሻያ አቀረቡ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ጥርስ የሌለው ሁሉ «ጤነኛ»፣ ጥርሱን ቤቱ በፒንሳ የነቀለም «የታከመ» ተብሎ እንዲመዘገብ በሦስት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ተወሰነ። ድምፀ ተአቅቦው የወ/ሮ ፉጌት ነው፤ ፊታቸውን በሻርፕ ጠቅልለው ስለነበር የተናገሩት አልተሰማም።

አጀንዳ 2፦ የጥርስ ሕክምና ክፍል

ፓስተሩ ክፍሉ የቤተ ክርስቲያኑን የገና ጌጣጌጥ እንደያዘ፣ ከጌጦቹ አንዱ የሆነው የሰብአ ሰገል የፕላስቲክ ግመልም በሕክምና ወንበሩ ላይ እንደተጋደመና ሌላ ቦታ እንደማይበቃው አስረዱ። ዶ/ር ኮምብስ «ግመሉ ከታካሚዎቼ በፊት ቀጠሮ አግኝቷላ!» አሉ። ክፍሉ እስከ መጪው ገና ባለበት እንዲቆይ ተወሰነ።

ሊቀመንበሩ «ቬልማ፣ ተወካይ ነሽ፤ አንድ ነገር በይ እንጂ» ሲሉ አሳሰቡ። ወ/ሮ ፉጌት ሻርፑን ፈቱት። እብጠቱ ከጉንጫቸው አልፎ አንገታቸው ደርሷል።

«ምን ልበልህ ኦርቪል? ባሌ ሲነቅልልኝ ሥሩ ተሰብሮ ቀረ። ከእሑድ ወዲህ ውኃ እንኳ አልወርድ ብሎኛል።»

ይህን ብለው ከመቀመጫቸው ተንሸራተው ወለሉ ላይ ወደቁ።

ዶ/ር ኮምብስ የወ/ሮ ፉጌትን አንገት ዳስሰው «አምቡላንስ ጥሩ! ግን ተራራውን ዞሮ እስኪደርስ መተንፈሻዋ ሊዘጋ ይችላል። ወንበሩን አሁኑኑ ባዶ አድርጉልኝ!» አሉ። ሊቀመንበሩ ጉዳዩ በአጀንዳ አለመያዙን ማመልከት ሲጀምሩ ፓስተሩ «ዝም በልና እግሯን ያዝ!» ብለው ራሳቸው ወደ ሕክምና ክፍሉ ሮጠው ግመሉን አቅፈው በመስኮት ወረወሩት።

ወ/ሮ ፉጌት ወንበሩ ላይ ተኙ፤ የወንበሩ መብራት ስላልሠራ ጸሐፊው ባትሪ አበራ። በዚህ ጊዜ የተባለው አልተመዘገበም፤ የጸሐፊው እጅ ባትሪው ላይ ነበር። ሐኪሟ እብጠቱን በስተው መግሉን አወጡት። ወ/ሮ ፉጌት አንዴ በረጅሙ ተነፈሱ፤ ከዚያም የሊቀመንበሩን እጅ ጨብጠው አልለቅም አሉ። ሊቀመንበሩ አለቀሱ። ማልቀሳቸው እንዳይጻፍ አዘዋል፤ ትእዛዙ ግን ድምፅ ስላልተሰጠበት ተጽፏል።

ውሳኔ

አምቡላንሱ ሲደርስ ሊቀመንበሩ ቃሬዛውን በር ላይ አስቁመው ድምፅ አሰጡ። በዛሬው ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ ተሽሮ፣ ያየነው እንዳየነው እንዲመዘገብና ክፍሉ ከነገ ጠዋት ጀምሮ ለሕክምና እንዲከፈት በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ወ/ሮ ፉጌት መናገር ስላልቻሉ ተኝተው እጃቸውን አወጡ።

ስብሰባው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተዘጋ።

ጸሐፊው ወረቀቱን ሲሰበስብ ሊቀመንበሩ ወደ ክፍሉ ተመልሰው ወንበሩ ላይ ወጡ። «ሎሬና፣» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እስቲ ይቺን ከኋላ ያለችውን እይልኝ። ስትነኪያት ግን ቀስ በይ።»

ዶ/ር ኮምብስ ጓንት ቀየሩ።