እትዬ አስካለ እንግዶቻቸውን በረዶ ውስጥ ያሳደሩ ዕለት

ሐበሻ በተሰበሰበበት አገር ሁሉ እምቢ የማይባል አንድ ሰው አይጠፋም። ሰርግ ይሁን ለቅሶ፣ ሽርሽር ይሁን የቤት ዕቃ ማመላለስ፣ ያ ሰው ከደወለ አለቀ፤ ሰበብህን ተናግረህ ሳትጨርስ ራስህን መንገድ ላይ ታገኘዋለህ። በስቶክሆልም እምቢ የማይባሉት ሰው ክብርት እትዬ አስካለ ማርያም ነበሩ። በተማሪነት መጥተው፣ የአፈር ተመራማሪ ሆነው፣ ጡረታ ወጥተው ከከተማው ዳር ሄሰልቢ የተቀመጡ ሴት ናቸው። ጡረታ ወጡ ማለት ግን ዐረፉ ማለት አይደለም፤ ሌላውን ማሳረፍ ተዉ ማለት ነው እንጂ።

ሰበብ የሚባል ነገር አይገባቸውም። ወገቤን አመመኝ ያላቸውን «የሚራመደው እግር ነው» ይላሉ። ጉንፋን የያዘውን «እሱም ንጹሕ አየር አጥተህ ነው» ይሉታል። ክርክሩ የጠና እንደሆነ ደግሞ መዝጊያቸው የታወቀ ነው፦ «ጫማህን ብቻ አድርግ፤ ሌላውን እኔ አውቃለሁ።»

በፈረንጆቹ 2006 ክረምት፣ በረዶው የቆሙትን መኪኖች እስከ መስታወታቸው በዋጠበት ሰሞን፣ እትዬ አስካለ ለንጋት ደወሉላት። ንጋት ከአዲስ አበባ ስቶክሆልም ወዳለው ባሏ ከመጣች ዓመት እንኳ አልሞላትም። የምትኖረው ቴንስታ የሚባል ሰፈር ነው፤ ከቤቷ እስከ ቋንቋ ትምህርት ቤቷ ያለውን የሚያንሸራትት መንገድ ሳይቀር በጸሎት ነበር የምትሄደው።

«ቅዳሜ ቤት ሠርተን እናድራለን» አሏት።

«የምን ቤት?»

«የበረዶ ነዋ! ውስጡ እንተኛለን።»

ንጋት ደንግጣ ያላትን ትልቁን ሰበብ አወጣች። «ቅዳሜ እኮ ትቬትስቱጋ ይዣለሁ።» በስቶክሆልም የጋራ ልብስ ማጠቢያ ቤት ተራ ከፍርድ ቤት ቀጠሮ ይበልጥ የተከበረ ነው፤ ጎረቤት ከጎረቤት የሚኳረፈው በእሱ ነው። እትዬ አስካለ ግን «ልብሱ ይጠብቅሻል» ብለው ስልኩን ዘጉት።

ቅዳሜ ዕለት ከኡፕላንድስ ቬስቢ ባቡር ጣቢያ አለፍ ብሎ ካለው ጫካ ዳር አራት ሰዎች ቆሙ። እትዬ አስካለ፣ ንጋት፣ የንጋት ጓደኛ ውብነሽ፣ እንዲሁም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ የተያዘው የኮምፒውተር ባለሙያ ሰላምሰገድ ነበሩ።

እትዬ አስካለ አካፋ አደሉ። የጎጆ ቤት የሚያህል በረዶ ከመሩ፤ ከዚያም እኩል የተቆረጡ አጫጭር እንጨቶች ክምሩ ላይ ዙሪያውን ሰኩ። «ከውስጥ ስትቆፍሩ የእንጨቱን ጫፍ ካያችሁ አቁሙ። ከዚያ ካለፋችሁ ግድግዳው ይሳሳል» አሉ። ንጋት አፏን ከፍታ ቀረች። የምትሸሸው በረዶ እንዲህ እንደ ጭቃ ለሰው እጅ የሚታዘዝ አይመስላትም ነበር።

«አሁን አትንኩት። እርስ በርሱ እስኪያያዝ ጊዜ ይፈልጋል» ብለው እትዬ አስካለ ከውብነሽ ጋር ማገዶ ሊለቅሙ ወደ ጫካው ገቡ።

ሰላምሰገድ እግሩ ደንዝዞ ነበር። «ብንቆፍር እኮ ይሞቀናል» አላት ንጋትን፤ መልሷንም ሳይጠብቅ በደረቱ እየተሳበ እየቆፈረ ገባ። ቡትሶቹ ብቻ ከውጭ ሲቀሩ፣ ክምሩ «ድፍ» አለና ሰመጠ። ቡትሶቹ ተፈራገጡ። ከዚያ ጸጥ አሉ።

ንጋት ጮኸች። እትዬ አስካለ ጉልበት በሚደርስ በረዶ ውስጥ፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ እየዘለሉ መጡ። «አካፋውን ጣይው! ራሱ ጋ በእጃችን!» ሦስቱ ሴቶች ተንበርክከው እንደ ድመት ቧጠጡ። ኮፍያ ወጣ። ጆሮ ወጣ። ቀጥሎ በበረዶ የተለሰነ ፊት ወጣና አሳለው።

«መነጽሬስ?» አለ ሰላምሰገድ።

ማንም አልሳቀም። እትዬ አስካለ በረዶው ላይ ተቀመጡ። በእጃቸው በረዶውን እየዳበሱ መነጽሩን ይፈልጉ ጀመር። «በቃ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ነኝ ያመጣኋችሁ። ባቡሩ ሳያመልጣችሁ ወደ ቤታችሁ ሂዱ።»

ከእሳቸው አፍ «ወደ ቤታችሁ» የሚል ቃል የሰማ ሐበሻ እስከዚያ ቀን አልነበረም። ውብነሽ ወዲያው ሻንጣዋን ማሰር ጀመረች። ንጋትም ቀኑን ሙሉ ስትመኘው የዋለችው ፈቃድ ይኸው ተሰጣት። ግን ዓይኗ ከእነዚያ እጆች ላይ አልነሳ አላት። ጎንበስ ብላ አካፋውን አነሳች።

«ቤቱ ምን አጠፋ? እኛ ነን የቸኮልነው» አለች። «እንደገና እንከምረዋለን። መቼ እንደሚቆፈር እርስዎ ይንገሩን።»

ሰላምሰገድ ከአንገቱ ሥር በረዶ እያራገፈ፣ «እኔ ግን የምገባው መጨረሻ ነው» አለ። ውብነሽም እያጉረመረመች ሻንጣዋን ፈታችው።

እንደገና ከመሩ። ከፔርሙዝ ትኩስ ሾርባ እየጠጡ ታግሠው ጠበቁ። አመሻሹ ላይ በየተራ ቆፈሩ፤ እትዬ አስካለ ከደጁ አልተነቃነቁም። መኝታውን ከመግቢያው ከፍ አደረጉት፤ ቀዝቃዛው አየር ወደ ታች እንዲወርድ ነው። ጣሪያው ላይ መተንፈሻ ቀዳዳ በሱ። በመጨረሻ ምንጣፍና የመኝታ ከረጢታቸውን ዘርግተው፣ አንዲት ሻማ ለኩሰው፣ አራቱም ገቡ።

ንጋት ቀና ብላ ዙሪያዋን አየች። ግድግዳው በሙሉ ያብለጨልጫል። ውጭ ጫካውን ሲያናውጥ የነበረው ነፋስ ድምፁ ጠፍቷል። እንዲህ ያለ ዝምታ በአዲስ አበባም በቴንስታም ሰምታ አታውቅም፤ የገዛ ልቧን ምት ቁልጭ አድርጋ ሰማችው። ቤተ መቅደስ የገባች ያህል ኮፍያዋን ማስተካከል አማራት። እትዬ አስካለ እንኳ ማንንም አላዘዙም።

ነጋ። ስትነቃ ጣሪያው ሰማያዊ ሆኗል። ብርሃኑ በበረዶው ውስጥ አልፎ እየተጣራ፣ የተኙትን ፊቶች ሁሉ ሰማያዊ ቀብቷቸዋል። ባሕር ውስጥ ተኝቶ መተንፈስ ቢቻል እንዲህ ይሆን ነበር ብላ አሰበች። ዞር ስትል እትዬ አስካለም ነቅተው ጣሪያውን ያያሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ይህን ያህል ከወደዱት» አለቻቸው በሹክሹክታ፣ «እኛን እየጎተቱ ከሚደክሙ፣ ለምን ብቻዎን በሰላም አይመጡም?»

እትዬ አስካለ በጣም ገርሟቸው አዩዋት።

«ብቻዬን? ጫካ ውስጥ?» አሉ። «እፈራለኋ!»

ንጋት ሳቋን በጓንቷ አፈነችው። ሰላምሰገድ ከከረጢቱ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ «ምንድን ነው የምትንሾካሾኩት?» አለ።

«ምንም። ተኛ» አለችው ንጋት፤ ከዚያም ወደ እትዬ አስካለ ጠጋ አለች።