የአያ ይመር የጾም ጥይት

ዕቃ ሲጠፋ ባለሙያ ይበዛል። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ በደርግ ጊዜ ላስታ ውስጥ ኖሬበት ነው። ሳሙና ሲጠፋ እንዶድ ነክቶ የማያውቅ ሁሉ የእንዶድ ዐዋቂ ሆነ። ስኳር ሲጠፋ ሻይ በጨው ለምን እንደሚሻል የሚያስረዳ ሰው ተገኘ። ጥይት ሲጠፋስ? ጥይት ሲጠፋ አጎቴ አያ ይመር ተገኙ።

ጥይት ጠፋ ስል ከሁሉም ቤት ጠፋ ማለቴ አይደለም። የገበሬ ማኅበሩ ታጣቂዎች ዝናራቸው ሞልቶ ይፈስ ነበር። የጠፋው ከኛ ነው። ጠመንጃችሁን አስመዝግባችሁ ያዙ ተባልን፣ ያዝን፤ ስለ ጥይቱ ግን የነገረን የለም። ጥይት የሌለው ምንሽር ደግሞ ምንድን ነው? የውሻ ማባረሪያ ዱላ ነው፤ ያውም ትከሻ የሚሰብር ዱላ። ሌላው ሰው ዱላውን ተሸክሞ ዝም ሲል፣ አያ ይመር ገነተ ማርያም አጠገብ ካለው ቤታቸው ጓዳ ገቡና የተተኮሰ ባዶ ቀለህ ለቅመው በእጃቸው መሙላት ጀመሩ።

ሥራቸውን ላየው ሰው ጥይት የሚሞሉ ሳይሆን ልጅ የሚድሩ ነበር የሚመስሉት። ቀለሁን በአመድ አሽተው ያበሩታል። ከዚያ አፉ ላይ ያፏጩበታል፤ ፉጨቱ ካልጣማቸው ተሰንጥቋል ብለው ይጥሉታል። ባሩዱን ሰፍረው ትርፉን በዶሮ ላባ ይጠርጋሉ፤ ጠርገው አያምኑም፣ እንደገና ይሰፍራሉ። እርሳስ አቅልጠው የሚያፈሱትን አረር አንዱን ካንዱ በዕጣን ነጋዴ ሚዛን ያስተያዩታል፤ የወፈረው ይፋቃል፣ የከሳው ተመልሶ ይቀልጣል። ምክንያታቸውን ስጠይቃቸው፣ ጥይት መንታ መሆን አለባት አሉኝ። አንዷ ከሌላዋ ከተለየች ተኳሹ ምን ቢያነጣጥር ዋጋ የለውም፤ ሰው ሳተ የሚባለው በሐሰት ነው፣ የሚስቱት ዝምድና የሌላቸው ጥይቶች ናቸው። እሳቸውማ መቼ ስተው! ትሕትና የምትባለው ነገር በቤታቸው ደጅ ስታልፍ እንኳ አይቻት አላውቅም።

ታዲያ አያ ይመር አንድ ልማድ ነበራቸው። ሲሠሩ እጃቸው ስለሚያዝ የተዘጋጀውን አረር እንደ ልብስ ሰፊ መርፌ በከንፈራቸው ይይዙታል። አረሩ ደግሞ በበግ ሞራ ይታሻል። በፍስክ ይህ ማንንም አያስቸግርም። ችግሩ የኔ ሠርግ ለዳግማይ ትንሣኤ መቆረጡና ጥይቶቹ የሚሠሩት በሁዳዴ መሆኑ ነው።

የሠርጉን ነገር ላስረዳ። ሚስቴ ከነአኩቶ ለአብ ማዶ ካለ ቀዬ ናት። በነሱ ደንብ የሙሽራው ወገን ዝም ብሎ ዳስ አይገባም። ከደጅ ማዶ ካለው ዛፍ ቅል ይሰቀላል፤ ቅሉን የሙሽራው ወገን መትቶ ካልጣለ ሙሽራው ደጅ ይቆማል፤ ሽማግሌ ተለምኖ፣ ግማሽ ቀን ተለፍቶ ቢገባም የወጣለት ዘፈን እስከ ልጅ ልጁ ይከተለዋል። አሥር ዓመት ሙሉ በስሙ ሳይሆን በዘፈኑ የሚጠራ ሰው ዐውቃለሁ። ስለዚህ ቀልድ አልነበረም፤ ስሜ በአያ ይመር ምንሽር አፍ ላይ ተቀምጧል።

አያ ይመርም ይህን ስለሚያውቁ የንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄደው ጠየቁ። ሞራ የተቀባ አረር በከንፈር መያዝ ጾም ይሽራል ወይ? ቄሱም ነገሩን ብዙ አላከበዱትም፤ ከአፍህ አታግባዋ፣ አለቀ፣ አሏቸው። አያ ይመር ግን አባቴ፣ አፌ ካልያዘው እጄ አይታዘዘኝም ብለው ተሟገቱ። በመጨረሻ ራሳቸው መላ አገኙ፤ ሞራው ቀርቶ ጥይቶቹ በኑግ ዘይት ይታሹ። ኑግ የጾም ነው፤ ነፍስም ጥይትም አይጎዳም። እንዲህ ሆነና የአጎቴ ጥይቶች ከነባለቤታቸው ሁዳዴን ጾሙ።

የኑግ ዘይት ግን ሲቆይ ሙጫ ይሆናል። ይህን ድስት አጥባ የምታውቅ ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። አጎቴ ደግሞ ድስት አጥበው አያውቁም፣ የጠየቁትም ቄስ ነው።

የሠርጉ ቀን ደረስን። ከሙሽራዋ ወገን እንግዶች መካከል የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ምንሽራቸውን አንግተው ተቀምጠዋል። ጥይት የሰፊው ሕዝብ ሀብት ስለሆነ ለቅሉ የተፈቀደችው አንዲት ብቻ ናት አሉ። ጓደኞቼ ደነገጡ። አያ ይመር ግን ሁለተኛዋማ ለማን ልትሆን ነበር ብለው ፈገግ አሉና ከመንቶቹ አንዷን አውጥተው አጎረሱ።

ምንሽሩ አልዋጥ አለው። ጥይቷ ግማሽ መንገድ ሄዳ ተጣበቀች፤ መቀርቀሪያው ወደፊትም ወደኋላም እምቢ አለ። አያ ይመር ገፉ፣ ጎተቱ፣ በመዳፋቸው መቱ። ላብ ከግንባራቸው ወረደ። የሙሽራዋ ጓደኞች ምን ይጠብቃሉ? ወዲያው አወጡት፦

ጠመንጃውን ይዞ ከደጃችን ቆመ፣
አልወጣም ብሎታል ጥይቱም ታመመ።

ዘፈኑ ጥሩ ነበር፤ የከፋኝም ለዚህ ነው። ጥሩ ዘፈን አይሞትም። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ ይባላል፤ ያን ቀን ሙሽራው እኔም አላመንኩም። ፀሐዩ አናቴ ላይ ወጥቶ፣ እናቴ ጧት ራሴ ላይ የደፋችው ለጋ ቅቤ በጆሮዬ ሥር ይንቆረቆራል።

ይኼኔ ሊቀመንበሩ ተነሡ። የመንግሥት ጥይት ምን እንደምትሠራ ላሳያችሁ ብለው ምንሽራቸውን አቀባበሉና ማነጣጠር ጀመሩ። አያ ይመር ዞር ብለው አዩኝ። ፊቴን አይደለም፣ ራሴን። ወዲህ በል ያ ልጅ አሉና አንገቴን ጎንበስ አድርገው ከጠጉሬ ቅቤውን በሁለት ጣታቸው ዛቁት፤ ጥይቷንም መቀርቀሪያውንም ለቀለቁት። የጾመችው ጥይት ገድፋ እየተንሸራተተች ገባች።

ሁለቱ ጠመንጃዎች እኩል ጮኹ። ቅሉ ብትንትኑ ወጣ። ከዛፉ በላይ ካለው ገደልም አንድ አቧራ ቦነነ። አንደኛዋ ጥይት ቅሉን፣ አንደኛዋ ገደሉን እንደመታች ያላየ አልነበረም። የማን የትኛዋ እንደሆነችም ያላወቀ አልነበረም፤ ሊቀመንበሩን ጨምሮ።

የሚስቴ አባት ሄደው አንድ ስባሪ አነሡ፣ አሸተቱት። ኑግ ኑግ ሳይል አይቀርም፤ ምክንያቱም አንዴ አያ ይመርን፣ አንዴ ሊቀመንበሩን አይተው ስባሪውን በጋቢያቸው ደበቁት። ዝም አይነቅዝም። ደንብ ግን ደንብ ነውና፣ ቅሉን ማን መታው ብለው ጠየቁ።

እስቲ እናንተ መልሱ። አያ ይመር የኔ ናት ካሉ ሊቀመንበሩ በሕዝብ ፊት ገደል መቺ ሊባሉ ነው፤ ያፈረ ሹም ደግሞ ነገ ይህችን ጥይት ከየት አመጣሃት ብሎ ይመጣል፤ ምንሽሩም ይሄዳል፣ ምናልባት አያ ይመርም። የሊቀመንበሩ ናት ካሉ የመታው የሙሽራዋ ወገን ሆነና እኔ ከነዘፈኔ ደጅ ቀረሁ። ከሁሉ በላይ ግን ዕድሜ ልካቸውን የጠበቋት ምት ናት፤ ሰው ሁሉ እያያት። ለአጎቴ አዘንኩላቸው፣ ከራሴ በላይ አዘንኩላቸው።

ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ተናገሩ። ቅሉን የመቱት ጓድ ሊቀመንበር ናቸው አሉ። ጓድ ሊቀመንበርም ከዛሬ ጧት ጀምሮ የልጃችን ሚዜ ሆነዋል፤ ስለዚህ የመታው የኛ ወገን ነው።

ሊቀመንበሩ ጥቂት አሰቡ። አብዮቱ ሚዜነትን እንደማይቃወም ገለጹና ከፊቴ ቀድመው ዳሱ ገቡ። እኔም ተከትዬ ገባሁ፣ ሚስቴን አገኘሁ፤ እስከ ዛሬ አልተጸጸትኩም። አያ ይመር ደግሞ ብልህ ልጅ የሰጡትን ይዞ ያለቅሳል እንደሚባለው፣ የቀረበላቸውን ጥሬ ሥጋ እየቆረጡ ሲያዝኑ ዋሉ።

ክረምቱ ሲወጣ ሊቀመንበሩ አያ ይመርን ከነጠመንጃቸው ወደ ቢሮ አስጠሯቸው። ቤታችን ለቅሶ ሆነ። እናቴ ወንድሜን አሰሩት ብላ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ማምሻውን ግን አያ ይመር ምንሽራቸውን እንዳነገቱ፣ በሌላው ትከሻቸው ከረጢት ተሸክመው መጡ። ከረጢቱ ባዶ ቀለህ ነው። ሊቀመንበሩ በሩን ዘግተው ቀስ ባለ ድምፅ፣ ለዐውራጃው የተኩስ ውድድር የሚሆን ጥይት ይሙሉልኝ ብለዋቸዋል። የመንግሥት ጥይት ምን ሆነ ብሎ መጠየቅ እንደማይገባ አጎቴ ያውቃሉ፤ አልጠየቁም።

ሊቀመንበሩ ውድድሩን አንደኛ ወጡ። ማኅተም ያረፈበት ምስክር ወረቀታቸው በመስተዋት ሆኖ ከቢሮው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ የተኮሱበት ክብ ዒላማም፣ መሐሉ ተበስቶ፣ ከጎኑ። አንድ ቀን ከአያ ይመር ጋር ለጉዳይ ገብተን ሁለቱን ትክ ብለው ሲያዩ አገኘኋቸው። ስንወጣ ቀስ ብዬ፣ አያ፣ አያንገበግብዎትም ወይ አልኳቸው።

ለምን ያንገበግበኛል፣ አሉ፤ ወረቀቱ የሱ ነው፣ ቀዳዳው የኔ ነው።