አንገቴ የሰጠው ቃል

ሰው «አካሌ የራሴ ነው» እያለ ሲኩራራ ስሰማ ሳቄ ይመጣል። አካል እንደ ዕድር ድንኳን የሰፈር ነው። ካላመናችሁ ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈሩና ከኋላ ወንበር ሆናችሁ አንዴ አዛጉ። ማዛጋቱ ከወንበር ወንበር እየተሻገረ፣ ረዳቱን ሒሳብ አስረስቶ፣ ሾፌሩ ጋ ይደርሳል። እኔ አንድ ጠዋት የጀመርኩት ማዛጋት ከታክሲው ወርዶ ትራፊክ ፖሊሱን ሲይዝ በዓይኔ አይቻለሁ። ፊሽካው ከአፉ ወደቀ ስላችሁ!

ሕፃን የምታጎርስ እናትስ? ማንኪያው ወደ ልጁ ሲሄድ የምትከፍተው የራሷን አፍ አይደለም እንዴ? ማን አዘዛት?

የኔ ደካማ ቦታ አንገቴ ነው። ሰው ፊቴ ቆሞ ራሱን ወደ ላይና ወደ ታች እየነቀነቀ ካወራኝ፣ ነገሩ ገባኝም አልገባኝም አብሬ እነቀንቃለሁ። እንዲህ ያለ አንገት ይዞ ሴት ልጅ መውለድ ድፍረት ነው። እንዴት አትሉኝም?

አምና ለመጨረሻ ልጄ ለሳምራዊት ሽማግሌ ሊላክ መሆኑ ተሰማ። ሳምሪ ኮተቤ አስተማሪ ናት፤ ልጁም እዚያው ያስተምራል። እንከን ፈልጌ ፈልጌ ያጣሁበት፣ ስላጣሁበትም ቂም የያዝኩበት ጨዋ ልጅ ነው። ባለቤቴ ዘነበች ሳምንቱን ሙሉ ስታሰለጥነኝ ሰነበተች። «ስማ አንተ ሰውዬ፣ በመጀመሪያው ቀን እሺ ያለ አባት ልጁ የከበደችው ነው ይባላል። ፊትህን አጥቁር፤ ጥርስህን እንዳላይ። ‹ዘመድ እናማክር፣ ከጾሙ በኋላ ተመለሱ› በላቸው፤ በቃ።»

ለወጉ ስል የምታዘዝ መሰልኩ እንጂ የልቤ ሌላ ነበር። ልጅቷ ከወጣች፣ ማታ ዜና ሲነበብ እየተቀባበልኩ የማሾፈው ከማን ጋር ነው? ከጾሙ በኋላ ይምጡ፤ ያኔ ክረምት ገባ እላለሁ፤ ከክረምቱ ወዲያ ደግሞ እግዜር ያውቃል። ይህን ለማንም አልተነፈስኩም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። መሪያቸው አቶ ደጀኔ የሚባሉ፣ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በታች የሚኖሩ፣ እንደ ባሕር ዛፍ ቀጥ ያሉ ቀጭን ሰው ናቸው። ቁጭ በሉ ብንላቸው፣ እንደ ደንቡ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። ፊቴን አጠቆርኩ። አጠቋቆሬን የሚረዳኝ ሐምሌ ላይ የእንጦጦን ሰማይ ያየ ብቻ ነው።

አቶ ደጀኔ ጀመሩ። ልጃችን ሰው አክባሪ ነው አሉ፤ ራሳቸው በቀስታ ወደ ታች፣ ወደ ላይ። ለልጅዎ ባል፣ ለእርስዎ ልጅ ይሆናል አሉ፤ ወደ ታች፣ ወደ ላይ። እኔ ፊቴን ስጠብቅ አንገቴን ማን ይጠብቅልኝ? ግንባሬ እንደ ከሰል ጠቁሮ ሳለ፣ ከሥሩ አንገቴ ከሳቸው እኩል ሲያጎነብስና ሲቃና፣ ራጉኤል በንግሥ ቀን አብረው የሚያሸበሽቡ ሁለት መሪጌቶች መሰልን።

ሁለተኛው ሽማግሌ ዓይነ ፈጣን ናቸው። «እንግዲህ አቶ መኮንን ፈቅደዋል ማለት ነው?» አሉ።

«ኧረ እኔ እያዳመጥኩ ነው፤ ከጾሙ በኋላ ተመለሱ» ልል አፌን ስከፍት፣ በጓዳው መጋረጃ ጥግ ሳምሪን አየኋት። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ትንፋሿን ይዛለች። የኔም ትንፋሽ ቀጥ አለ። ምን ላድርግ፣ የቆየ ልማድ ነው። ጨቅላ ሳለች ደረቴ ላይ ካልሆነ አትተኛም ነበር፤ ስትተነፍስ እተነፍሳለሁ፣ ስታቆም አቆማለሁ። እንዲያውም አንድ ቀን ዘነበች ገብታ፣ ሁለቱም ሞቱብኝ ብላ ሰፈሩን በጩኸት አቅልጣዋለች።

ተያየን። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ከዚያ አየር አጠራትና ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች። እኔም አብሬ ሳብኩ፤ ያውም ድምፅ አውጥቼ፣ «ህእ!»

በኛ አገር ትንፋሽን እንዲያ ወደ ውስጥ መሳብ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። «አዎ» ነው። ከፊርማ የጠነከረ «አዎ»!

እልልታው ከጓዳ ፈነዳ። ከሁሉ በላይ የወጣው የማን ነበር? ፊትህን አጥቁር ስትለኝ የሰነበተችው የዘነበች! ሳምሪ ደንቡን ጥሳ ሮጠችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ልቧ ይደልቃል፣ የኔም ይደልቃል፤ የቱ የማን እንደሆነ መለየት አቃተኝ። «አባዬ፣ ቤት የምንከራየው እኮ እዚሁ አጠገባችሁ ነው» አለችኝ በጆሮዬ፤ «ለዜናው እደርሳለሁ።» ሳልነግራት ማን ነገራት?

ሽማግሌዎቹ በልተው ጠጥተው ሲወጡ አቶ ደጀኔን እስከ በር ሸኘኋቸው። «እርስዎ ደግሞ ሲያሳምኑ!» አልኳቸው፤ «በዚያ አነቃነቅ እንጦጦን ራሱን ቢጠይቁ ይሰጥዎታል።»

ክንዴን ያዝ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ኧረ ወንድሜ፣ ብልሃት አይደለም፤ ሕመም ነው» አሉኝ። «ራሴ በራሱ ጊዜ ይነቀነቃል። ሐኪሙም እርጅና ነው ብሎ አሰናበተኝ። ከያዘኝ ወዲህ የሄድኩበት ቤት ሁሉ በመጀመሪያው ቀን እሺ ይለኛል። እኔ ሞኙ አንደበቴ የጣፈጠ መስሎኝ ነበር።»

አንጀቴን በሉት። እሳቸው ሲነቀንቁ፣ እኔም እያዘንኩላቸው ስነቀንቅ፣ በሩ ላይ ትንሽ ቆየን። ድንገት አንገቴን አይተው ክንዴን ለቀቁና፣

«ይተዉ እንጂ አቶ መኮንን!» አሉኝ፤ «ሌላ ሴት ልጅ የለዎትም!»